እርጎ ታቅፌ በባለ ሦስት እግሯ ሞተር

ሊቀመንበራችን ሉክያን ሳቪች ያቺን ሞተር ለአውራጃው ሊመልሳት ነው ሲሉኝ፣ የጎመን መቁረጫ ቢላዬን እንደያዝኩ ወደ ኅብረት እርሻው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከተናደድኩ ግን የሚቀድመኝ የለም።

ሞተሯ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አረንጓዴ፣ ባለ ሦስት እግር፣ እዚሁ ኡራል ተራራ ሥር የተሠራች። ቀኝ ጎኗ ላይ የተገጠመላትን መቀመጫ እኛ ገንዳ እንለዋለን። ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፣ ድንች ይጫንበታል፣ ጥጃም ይሄድበታል። አውራጃው ለእርሻችን ከላካት ገና ሳምንቷ ነው። ልጄ ካፒቶሊና፣ እኔ ካፓ የምላት፣ የመንደራችን አዋላጅ ናት፤ ሞተሯን ለጤና ጣቢያው ስጡልኝ ብላ ጠይቃ ነበር። ባለፈው ጸደይ ናስታስያን ምጥ ይዟት በፈረስ ጋሪ ስንወስዳት፣ ጭቃው አላስኬድ ብሎን ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞተብን። ካፓ ከዚያ ወዲህ «አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢደግመኝ እማዬ፣ ከተማ ሥራ እጠይቃለሁ» ብላኛለች። ልጄ በዋዛ የምትናገር አይደለችም። እሷ ከሄደች ለአራት መንደር ሴት አዋላጅ የለም።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሉክያን ጠረጴዛው ላይ ተንሰራፍቷል፤ ካፓ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«የመኪና ወረፋ ይዘናል» ይላታል። «ነፍሰ ጡር ሴት ገንዳ ውስጥ ከትቼ እንደ አሳማ ላስጭናት? የጎረቤት እርሻ ምን ይለኛል?»

«መኪናው መቼ ይመጣል፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ሦስት ዓመት። ቢበዛ አራት።»

«ሴቶቹ ምጣቸውን ይዘውልህ ይቆዩ?» አልኩት ከበሩ።

«እማማ ኡስቲንያ፣ መጀመሪያ ቢላውን ያስቀምጡ።»

«አላስቀምጥም። ንገሪው ካፓ!»

ካፓ ነገረችው። «መኪና ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ ትራክተር ይጠራለታል፤ ይቺን አንድ ሰው ገፍቶ ያወጣታል። ባለ ሁለት እግር ሞተር ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፤ ይቺ አትወድቅም። ፈረስ ጭቃውን ይወጣል፣ ግን አስፋልቱ ላይ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። የእኛ መንገድ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ አስፋልት ነው። ለሁለቱም የምትሆን አንድ ነገር ብትኖር ይቺ ናት።»

«ከሆስፒታል በር ሳትደርሺ ሴትዮዋን ንጠሽ ትጨርሻታለሽ።»

መናጥ ሲል ነገሩ ብልጭ አለልኝ። እኛ ጋ በጋሪ እርጎ ይዛ ገበያ የሄደች ሴት፣ ደርሳ ማሰሮውን ስትከፍተው ቡጢ የሚያህል ቅቤ ተንሳፎ ታገኛለች። ይህን የማያውቅ የለም።

«እንግዲያው እርጎ ይፍረደን!» አልኩ። «እኔ በሽተኛዋ ልሁን። እርጎ ታቅፌ ገንዳው ውስጥ እቀመጣለሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ቅቤ ከወጣው ሞተርህን መልስ። ካልወጣው ለካፓ ትፈርማለህ።»

ሉክያን ሣቀ። «ማሰሮው ግን ግማሽ ይሁን። ሙሉ ማሰሮ እንደማይናጥ የማላውቅ መሰለዎት? እኔንም ላም ያላት እናት ናት ያሳደገችኝ።»

«እናትህ ብልህ ነበረች። ምን ያደርጋል፣ ሳታወርስህ ሞተች።»

ግማሽ ማሰሮ እርጎ ታቀፍኩ፤ ሻሼን አገጬ ሥር አጥብቄ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ካፓ መሪውን ያዘች፣ ሉክያን ምስክር ሊሆን ከኋላዋ ተፈናጠጠ። ሞተሯ ስታጓራ የመንደሩ ዝይ ሁሉ አጥር ዘለለ።

ሲዘንብ የሰነበተበት የመስከረም ማለቂያ ነው። ከመንደር እንደወጣን መንገዱ ገንፎ ሆኖ ጠበቀን። ካፓ ግን ጉድጓዱን በሁለቱ ጎማዎች መካከል እያሳለፈች፣ ቀስ እያለች፣ እንደ ድመት አስኬደችኝ። የተኩላ ሸለቆ ስንደርስ የኋላ ጎማው ሰጠመ።

«ውረዱ» አለ ሉክያን።

«እኔ በሽተኛ ነኝ፤ በሽተኛ አይወርድም። አንተ ውረድ።»

ወረደና ገፋ። ካፓ ነዳጅ ሰጠቻት፣ ጎማው ጭቃውን እየዛቀ ወደ ኋላ ረጨው፣ እሱ እየተሳደበ ገፋ፤ አምስት ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ ብድግ ብላ ወጣች! ዞር ብዬ ባየው ከኮፍያው እስከ ቦቲው ጭቃ ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

«ትራክተር ልጥራ?» አልኩት።

ከዚያ አስፋልቱ። ኧረ አስፋልቱ! ካፓ ለቀቀቻት። ዛፉ ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ንፋሱ አፌን ከፍቶ ይገባል፣ ሻሼ ይርገበገባል። በሕይወቴ ከፈረስ የፈጠነ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። በሽተኛ መሆኔን ረስቼ «ጨምሪ!» ብዬ ጮህኩ። «ጨምሪ ካፓ!» ማሰሮዬን ግን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ካፓ ማንኪያ አምጡልን ብላ ስትጣራ የነርሶቹ አለቃ የእንጨት ማንኪያ ይዛ ወጣች። ሉክያን አንገቱን አስግጎ ማሰሮው ላይ ተደፋ። ሴትዮዋ ማንኪያውን እስከ ታች ሰድዳ አማሰለች፤ አወጣች፤ ደግማ ሰደደች። ካፓ ጓንቷን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች።

«እርጎ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ምን እንዲሆንላችሁ ፈልጋችሁ ነበር?»

ቅቤ የሚባል ነገር የለም፤ የምስር ፍሬ ታህል እንኳ! ነርሶቹ በጥቁር ዳቦ እያጠቀሱ እዚያው ጨረሱት። ሉክያንም በላ፤ ያውም ከሁሉም አብልጦ።

ስንመለስ «እስቲ እኔ ገንዳው ውስጥ ልቀመጥ» አለ። እኔ ካፓ ኋላ ተፈናጠጥኩ። ሰውዬው እግሩን ዘርግቶ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መንገዱን በሙሉ ሲዘፍን መጣ። ይህን ባየሁ ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ወረደና እጁን አጨበጨበ። «ትክክል ነበርሽ ካፒቶሊና! አንመልሳትም።» ልጄ ፊቷ በራ። «ለሊቀመንበሩ ጽሕፈት ቤት ትሆናለች። እርሻውን ሁሉ በአንድ ቀን እዞርባታለሁ። ሰው ሲታመም ደግሞ... መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ።»

ካፓ ጓንቷን አውልቃ የሞተሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ልጄን አውቃታለሁ፤ በልቧ ልብሷን እየሸከፈች ነው።

እኔ ተመልሼ ገንዳው ውስጥ ገባሁ።

«እማማ ኡስቲንያ፣ ይውረዱ።»

«ቃልህን ሳትፈርም አልወርድም። እዚሁ ክረምቱ ያግኘኝ። በረዶውን ከላዬ እየጠረግክ ትኖራለህ።»

«እንግዲያው እርስዎን ይዤ እሄዳለሁ!» ብሎ ኮርቻው ላይ ወጣ። «ሠራዊት ውስጥ ሦስት ዓመት ሞተር ነድቻለሁ።»

«ባለ ስንት እግር?»

«ሞተር ሞተር ነው!»

አስነስቶ ለቀቃት። ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ ያያል፣ እሱም ደረቱን ነፍቷል። መንገዱ እሱ ቤት አጠገብ ወደ ግራ ይታጠፋል። ባለ ሁለት እግር ሞተር የለመደ ሰው መታጠፊያ ላይ ሰውነቱን ያጋድላል፣ ሞተሩም አብሮት ያጋድላል። ሉክያንም አጋደለ። ባለ ሦስት እግሯ ግን አታጋድልም፤ መሪዋን ካላዞሩላት ወደፊት ነው የምታውቀው። እሱ ወደ ግራ ተንጋዶ «ታጠፊ! ታጠፊ!» እያለ ይጮሃል፣ እሷ ቀጥ ብላ አጥሩን ጥሳ የገዛ ጓሮው ጎመን መካከል ገባች። የጎመን ራስ እንደ ኳስ ወደ ላይ ተረጨ። አልተገለበጥንም! በሁለት እግር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም መቃብር ነን።

ሚስቱ ፖሊና ሆዷን ደግፋ ወጣች፤ ስምንት ወሯ ነው።

«ሉክያን፣ ጎመን መቁረጡን በቢላ አይሻልም ነበር?»

«እሷ ናት! አልታጠፍ አለችኝ!»

ካፓ እያለከለከች ደረሰች። እኔን በዓይኗ ደባበሰችኝና ወደ ፖሊና ሄደች፤ ይዛ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት፣ የእጇን ምት ቆጠረች።

«ደህና ነኝ» አለች ፖሊና። «ካፓ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። ማነው የሚወስደኝ?»

«እኔ እንጃ። ባልሽን ጠይቂው፤ ሞተሯ የሱ ሆናለች። እኔም እዚህ መኖሬን አላውቅም።»

ፖሊና ባሏን አየችው። ከዚያ የተጣሰውን አጥር አየች። መልሳ ባሏን አየችው።

«አንተ ነህ የምትወስደኝ?»

እሱ ከኮፍያው ላይ የጎመን ቅጠል አነሳ። ከኮቱ ኪስ ወረቀትና እርሳስ አወጣ፣ የገንዳውን ጫፍ ጠረጴዛ አድርጎ ጻፈ። ፖሊና ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ለጤና ጣቢያው ብቻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ።

ካፓ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና መሪውን ያዘች። ሉክያን ሳይጠየቅ ከኋላ ገፋ። ከጎመኑ ወጣን፤ መንገዱን ያዝን።

ወደ መታጠፊያው ስንመለስ ካፓን አየኋት። ሰውነቷ ቀጥ ብሏል፣ መሪውን ብቻ አዞረች። ሞተሯ እንደ ታዘዘች ልጅ ታጠፈች።

«ዝም ብሎ መሪውን ማዞር ነው ለካ!» አለ ሉክያን ከኋላችን።

«ጨምሪ ካፓ!» አልኳት።