ማንም ያልጠቆመበት

ሰውዬው ዛሬም መጣ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ የለቅሶ ቤት በር አይቆለፍም፣ አይንኳኳም። ገባ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ቲርጻ ፊት ለፊት ካለችው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ አፉን ዘጋ።

ቲርጻም ዘጋች። የአባቷ ለቅሶ ነውና በአይሁድ ደንብ የሶፋው ትራስ ተነስቶ፣ ሶፋው ከወለሉ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ጉልበቷ አገጯ ሥር ገብቷል። ከዚያ ዝቅታ ላይ ሆና የሚታያት የሰውዬው ጫማ ነው። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ክሩ በሁለቱም እግር እኩል የታሰረ። የዚህ ዓይነት ጫማ የሚያደርግ ሰው ምንም ነገር አይረሳም ብላ አሰበች።

«አንቺ፣» አለች አክስቷ ፎርቱና አይብ የተሞላ ቡሬካስ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ። «አናግሪው እንጂ! ሐዘንተኛው ካልጀመረ እንግዳው አይናገርም። ሐውልት ሆኖ ሊቀርብን ነው እኮ።»

«የምለው የለኝም።»

«ቡና ይጠጣሉ ወይ በይው። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?»

«ይጠጣል። ስጪው።»

«መቼ ከለከልኩት? ሲያመሰግነኝ እንኳ በአንገቱ ነው። ሽንት ቤት የት ነው ለማለትስ እንዴት ሊያደርግ ነው?»

ደንቡ ደንብ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት አፉን አይከፍትም። ሃይፋ ውስጥ ግን ይህን ደንብ የሚያከብር ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ሰው ገና ከደረጃው ላይ ሳለ ስለ ምርጫው፣ ስለ መኪና ማቆሚያው፣ የሟች ጉበት በሌላ ሐኪም ቢታይ ኖሮ ስለሚድንበት መንገድ እያወራ ነው የሚገባው። ይህ ሰውዬ፣ ፕሮፌሰር ሮትባርድ፣ ብቻ ነው ደንቡን ቃል በቃል የያዘው። ከጀርመን የመጡ ወላጆቹ ባዶ መንገድ ላይ እንኳ አረንጓዴ መብራት ሳይበራ እንዳይሻገር አድርገው አሳድገውታል። ቲርጻ የዛሬውን ያህል የጀርመንን አስተዳደግ አመስግና አታውቅም። እሷ እስካልተናገረች ድረስ እሱም አይናገርም። ያ ዝምታ ባይኖር፣ ሰባቱ የለቅሶ ቀን ሳያልቅ ልቧ በአፏ ይወጣ ነበር።

ጠበቃዋ ኖጋ ጥቁር ለብሳ ጥቁር ቦርሳ ይዛ ስትገባ በመጀመሪያ ያየችው የሮትባርድን ጫማ ነው፣ ከዚያ ባለጫማውን። ቲርጻን በክርኗ ይዛ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት።

«ያ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለቅሶ ይደርሳል።»

«የከሰስነው ኩባንያ ባለሙያ ምስክር ነው፣ ቲርጻ! አባትሽ አዲስ ነገር አልፈጠረም ብሎ ሊመሰክር የተቀጠረ ሰው!»

«የአባባ ጓደኛም ነው። ከውትድርና ጀምሮ።»

«ምንም አለሽ?»

«ምንም። ካላናገርኩት አይናገርም።»

ኖጋ ቅንድቧን አነሳች። ሃይማኖት ለአንድ ነገር እንደሚጠቅም ገና ዛሬ የገባት መሰለች። «ተባረኪ። እንዳታናግሪው። "እንዴት ዋሉ" እንኳ እንዳትዪው።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ለቅሶው እንዳለቀ፣ በዚያው ቀን፣ ተራራው ላይ ካለው ሆቴል አንድ ክፍል ተይዟል። ካሜራ ይኖራል፣ መሐላ ይኖራል፣ ከቴክሳስ የመጡ የትልቁ ኩባንያ ጠበቆች ይኖራሉ። ቃሉን መስጠት የነበረበት የቲርጻ አባት ኔሄምያ ነበር፤ ኔሄምያ ግን ሞተ። አብራው የሠራች፣ ትንሿን ኩባንያውን የተረከበችና ዳታ የማመቅ ዘዴው እንዴት እንደተፈጠረ የምታውቅ አንዲት ሰው ቀርታለች፤ ቲርጻ።

«ቴክሳስ ላይ የሚፈርዱት ተራ ሰዎች ናቸው፣» አለች ኖጋ። «ጥርስ ሐኪም፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ዶሮ አርቢ። ስለ ዳታ ማመቅ፣ ብዙውን መረጃ በጥቂት ቦታ ስለ መጠቅጠቅ፣ ደንታ የላቸውም። ውሸት ግን ከሩቅ ይሸታቸዋል። ስለዚህ እነሱ የሚጠይቁሽን እኔ አሁን ልጠይቅሽ። አባትሽ የፈጠራ መብቱን ለማስጠበቅ የፓተንት ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ዘዴውን ለሰው አሳይቶ ያውቃል?»

«እንዴት ማለት?»

«በአደባባይ። ማንም ገብቶ ሊሰማ በሚችልበት ቦታ። አሳይቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ካመለከተ ፓተንቱ ባዶ ወረቀት ነው። ቢሰርቁትም አልሰረቁትም፤ ማንም የፈለገ ይውሰደው እንደማለት ነው።»

የሳሎኑ በር በንፋስ ተንኳኳ። ማንም ሊገባበት የሚችለው በር።

«አላሳየም፣» አለች ቲርጻ።

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ኖጋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት «ጎበዝ፤ እውነት ከሆነ ማለቴ ነው» አለች፤ በሬዲዮ የመድኃኒት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ በሚነበበው ዓይነት ፍጥነት።

ከዓመታት በፊት እናቷ ዘሃቫ የሞተች ጊዜም በሩ ተከፍቶ ነበር። ያው ሳሎን፣ ያው ሶፋ፣ መስታወቱ ላይ በደንቡ የተጣለ ያው ነጭ አንሶላ። ኔሄምያ ሻልቲኤል ለሐዘን የቀደደውን ሸሚዙን እንደለበሰ ከመስኮቱ ሥር መሬቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ገብቶ ሰው ይወጣል፤ ግማሹን ቤተሰቡ አያውቀውም። የላይኛዋ ጎረቤት ገብታ «ወርቅ ሴት ነበረች» አለች። ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት ሻጭ «ወርቅ ሴት ነበረች» አለ። ቀጥላ የመጣች አንዲት ሴት ያንኑ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከቀብሩ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰው ኔሄምያ ጠቋሚ ጣቱን ቀስሮ ወደ ላይኛዋ ጎረቤት ጠቆመ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

«እሷ ብላዋለች። አንቺ መድገም አያስፈልግሽም፣ ወደ እሷ መጠቆም ይበቃል። ቦታም ይተርፋል፣ ጊዜም ይተርፋል።»

ሰው ሳይፈልግ ሳቀ። ሮትባርድ መስኮቱ ጋ ቆሞ የተቀቀለ እንቁላል ይልጥ ነበር። «ይሄማ አሮጌ ዘዴ ነው፣» አለ። «ዳታ የሚያምቅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያምቀው።»

«እሺ ሊቁ፣» አለ ኔሄምያ። «ጭንቅላትህ ጠባብ ነው እንበል፣ ሞላ። ምኑን ትጥላለህ?»

«የቆየውን ነዋ። ሁሉም የሚጥለው የቆየውን ነው።»

«ዘሃቫ የቆየች ናት። ልጣላት?»

የሮትባርድ እጅ እንቁላሉ ላይ ቆመ። ኔሄምያ ግን ዓይኑ በርቶ ነበር። ቲርጻ ከቀብሩ በፊትም ቢሆን፣ በሆስፒታሉ ወራት ሁሉ፣ እንዲህ ሲበራ አላየችውም።

«የሚጣለው ማንም ያልጠቆመበት ነው!» አለ። «የቆየም ይሁን የትናንት፣ ያልተጠቆመበት ይጣላል፣ የተጠቆመበት ይኖራል። ደግሞ ዋናውን ስሙ። የዳታው ላኪም ተቀባይም ወደ ምን ስንቴ እንደተጠቆመ እኩል ያያሉ። ስለዚህ ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ነገር ይረሳሉ። ቃል ሳይለዋወጡ!»

ያን ቀን ለቅሶው ጨዋታ ሆኖ ዋለ። ሰው ሁሉ ጣቱን እየቀሰረ እየጠቆመ፣ ዘሃቫን ደጋግሞ እየጠራ፣ እየሳቀ፣ በመሃል እያለቀሰ። ኔሄምያ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ እንደ ሕፃን ሳቀ። ማመልከቻው የገባው ከዚያ ሁለት ክረምት አልፎ ነው። ትልቁ ኩባንያ ሰዎቹን ልኮ ዘዴውን ሰማ፣ አደነቀ፣ ለኔሄምያ የኩባንያው ስም የተጻፈበት ባርኔጣ ሰጥቶ ሸኘው። ወዲያው ዘዴው ሰው የሠርጉን ቪዲዮ ለአክስቱ በሚልክበት ስልክ ሁሉ ውስጥ ተገኘ።

ክሱ ከተከፈተ በኋላ ቲርጻ አንድ ቀን መኪና ውስጥ «አባባ፣ በእማማ ለቅሶ ጊዜ...» ብላ ጀምራ ነበር።

«እ? በለቅሶው ምን?» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ምንም አላስታውስም።»

ረስቶት ነው ወይስ ጥሎት? አልጠየቀችውም። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ኖጋ የመጣች ዕለት ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀስ የሚል፣ የሚከብድ፣ የሚቆም፣ ደግሞ የሚቀጥል። ቲርጻ ወዲያው ገመተች፤ መጥሪያ ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ እዚሁ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሊያስምላት ነው። ሮትባርድ እንኳ ባርኔጣውን ያዝ አደረገ። በሩ በቀስታ ተገፋና ረጅም፣ ጸጉራም፣ እርጥብ አፍንጫ ገባ።

«ሂድ!» ብላ ፎርቱና በነጠላ ጫማዋ ተነሳችበት። «ሂድ ከዚህ! ያንተ ዘመድ አልሞተም!»

ከሃይፋ መንገዶች የማይጠፋው የዱር አሳማ ትሪው ላይ ያለውን ቡሬካስ በሐዘኔታ ተመልክቶ ዞረ፤ ወዲያው ውጭ ያለው የቆሻሻ በርሜል ሲገለበጥ ተሰማ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«እነዚህ ጉደኞች!» አለች ፎርቱና ጫማዋን እየተጫማች። «በእህቴ ለቅሶም ገብተው ነበር እኮ። እንዲያውም የዚያን ዕለት ነው፣ ኔሄምያ ጣቱን ቀስሮ...»

«አክስቴ! ውሃው ፈላ!»

«የምን ውሃ?»

«የቡናው! ገንፍሏል!»

ፎርቱና እያጉረመረመች ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም። ኖጋ ከስልኳ ቀና ብላ ቲርጻን አየቻት፣ ደግሞ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ቲርጻ ግን የምታየው ሮትባርድን ነበር። ሰውዬው ሰምቷል። ከእነዚያ እኩል ከታሰሩ ክሮች በላይ፣ ከባርኔጣው በላይ፣ ግራጫ ዓይኖቹ እሷ ላይ ነበሩ። አልተቆጣ፣ አልሳቀ። ይጠብቃል።

ምኑን እንደሚጠብቅ የገባት የመጨረሻው ጠዋት ላይ ነው።

የመጨረሻው ቀን አጭር ነው። ጠዋት ጥቂት ይቀመጣሉ፣ ከዚያ እንግዶቹ ሐዘንተኛውን «ተነሽ» ይሏታል፣ ትነሳለች፣ ወጥተው ሰፈሩን አንድ ዙር ይዞራሉ፤ በቃ። ኖጋ ከዚያው ወደ ሆቴሉ ልትወስዳት መኪናዋን አዙራ አቁማለች። ሮትባርድ ከሁሉም ቀድሞ መጥቷል። ፎርቱና አንድ የተቀቀለ እንቁላል እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ሳይልጠው ይዞት ተቀመጠ።

ቲርጻ የተቀደደ ኮሌታዋን ይዛ አሰበች። ይህ ሰው ለቀጠሩት ሰዎች ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ኖጋ እስካሁን ትሰማ ነበር። አልነገራቸውም። ቢጠይቁትስ? እሷ ካሜራው ፊት «አላሳየም» ካለች፣ እሱም ዝም ካለ፣ ነገሩ አለቀ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ነገር ይረሳሉ። የአባቷን ዘዴ ከትልቁ ኩባንያ ይልቅ እነሱ ናቸው አጣርተው የሚጠቀሙበት። ይሠራልም። ፓተንቱ ይተርፋል፣ ሌቦቹ ይዋረዳሉ። የሚጣለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ በርቶ፣ «ልጣላት?» የሚለው ሰውዬ። እሱ አልነበረም ብላ ትምላለች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ስለዚያ ቀን ለማንም ማውራት አትችልም፣ ለፎርቱና እንኳ። ማንም አይጠቁምበትም።

እጇን ከኮሌታዋ አወረደች። ጭኗ ሥር ቀበረችው።

«ጭንቅላቱ ወርቅ ነበር፣» አለች የላይኛዋ ጎረቤት እየነፈረቀች።

«እውነት ነው፣» አለ መድኃኒት ሻጩ። «ጭንቅላቱ ወርቅ ነበር።»

«እንግዲህ ተነሽ፣ ነፍሴ፣» አለች ኖጋ ሰዓቷን እያየች። በሥራ ቀን ድምጿ ነበር፣ ለለቅሶ ትንሽ ለስልሶ። «ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጭንቅላቱ ወርቅ...»

የቲርጻ እጅ ከጭኗ ሥር ወጣ። ጠቋሚ ጣቷ ተቀሰረ። ወደ ላይኛዋ ጎረቤት ጠቆመ።

ፎርቱና ትሪዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «ውይ ኔሄምያ!» አለች፤ እንባዋ ዱብ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኖጋ።

«እሷ ብላዋለች ማለት ነው፣» አለች ቲርጻ። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «አባባ ነው ያስተማረን። እዚሁ፣ በእማማ ለቅሶ። የሚጣለውንም የማይጣለውንም፣ ሁሉንም አስረዳ። ክፍሉ ሞልቶ ነበር።»

ኖጋ ለመቀመጥ ወንበር ፈለገች። ዙሪያዋን አየች፤ አንሶላ የለበሰውን መስታወት፣ እንግዶቹን፣ ገርበብ ያለውን በር። «ያኔም በሩ ክፍት ነበር?»

«የለቅሶ ቤት ነው፣ ኖጋ።»

«ቲርጻ፣ ምን እያልሽ እንደሆነ ይገባሻል? ከአንድ ሰዓት በኋላ ይህንኑ ብትያቸው...»

«ይገባኛል። ፈርቻለሁ። ግን ይህንኑ ነው የምላቸው።»

ኖጋ ወደ ሮትባርድ ዞረች፤ ደንቡም ሕጉም ከራሷ ጠፍቶ። «እርስዎስ? እዚህ ነበሩ?»

አሁን መናገር ይችል ነበር፤ ሐዘንተኛዋ አፏን ከፍታለች። ፕሮፌሰር ሮትባርድ እንቁላሉን ባርኔጣው ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጠ። ቀኝ እጁን አነሳና በጣቱ ወደ ቲርጻ ጠቆመ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የእሷ ጣት ገና አልወረደም ነበር። ከጎረቤቷ ላይ ቀስ ብላ አነሳችውና፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት፣ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወለል አዞረችው። እዚያው አቆየችው።