ለአባባ የሚበቃ ፊደል

ፊደል ለቃሚዋ ግትር ናት። ማተሚያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፣ እሷም አትክድም። አይሆንም ከተባለች በኋላ ነው ደህና አድርጋ ሥራ የምትጀምረው። ስለዚህ ማሽኒስቱ "ሌላ ያሻሽን አድርጊ፣ እናት ፋይሉን ብቻ እንዳትነኪ" ሲላት፣ ሰውዬው ሳያውቀው እሳት ላይ ቤንዚን ነበር የጨመረው።

ጣጣውን ያመጡት አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ የሌላ ሰው ስህተት ሲያድኑ የሸበቱ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሳያርሙ ክኒኑን የማይውጡ ሰው። ጡረታ ሲወጡ እጃቸው አላርፍ አለና መጽሐፍ ጻፉ። ርዕሱ "ያመለጡኝ" ነው። በሥራ ዘመናቸው ከዓይናቸው ሾልከው፣ ታትመው አደባባይ የወጡ ስህተቶችን እያነሳ የሚያወጋ መጽሐፍ ነው። አንድ የሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራውና የአማቱ ስም ቦታ ሲቀያየር ምን እንደተፈጠረ የሚተርከው ምዕራፍ ብቻውን ሆድ ያቆስላል። አንባቢው ይሳቅ እንጂ እሳቸውን ግን እያንዳንዱ ስህተት ዛሬም ድረስ ያንገበግባቸዋል።

ልጃቸው መጽሐፉን ለቅማ ጨርሳ ወደ እርማት ሊሄድ ሲል ዓይናቸው ከዳቸው። ሐኪሙ አልሸፋፈነም። መሃል መሃሉ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቆያል፣ እሱም ቢሆን እየደበዘዘ ይሄዳል አላቸው። አሁን የሰው ፊት ለማየት እንደ ዶሮ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ጀምረዋል።

"ሌላ አራሚ ይየው፣ አባባ" ብትላቸው ቱግ አሉ።

"የእኔን መጽሐፍ? ስለ ስህተት የተጻፈ መጽሐፍ ስህተት ተሸክሞ ወጥቶ የሰው መሳቂያ ልሁን? በዓይኔ ካላየሁት አይታተምም። አለቀ!"

"እሺ፣ እኔ ጮክ ብዬ ላንብብልዎት።"

"አንቺ የምታነቢው መጻፍ የነበረበትን ነው። አራሚ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ይለያያል፣ ልጄ።"

ግትርነቱ ከየት እንደመጣ እንግዲህ ማንም መገመት ይችላል።

መጀመሪያ ገጾቹን በፎቶ ኮፒ አሳድጋ ወሰደችላቸው። ፊደሉ አደገ፣ መስመሩም አብሮ ረዘመ። አባትዬው አንገታቸውን አዙረው የመስመሩን መጨረሻ ሲያገኙ መጀመሪያው ይጠፋባቸዋል። እስክሪብቶ ይዘው ስህተት ሊያከብቡ ሲሞክሩ ደግሞ እጃቸው ጎረቤት ያለውን ቃል ያከብባል። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ያን ዕለት ገባት። ፊደሉ ትልቅ፣ መስመሩ አጭር፣ በየመስመሩ ዳር ደግሞ ቁጥር መኖር አለበት። እሳቸው ቁጥሩን ይጠሩላታል፣ እሷ ታርማለች። ዓይናቸው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቶሎ መድረስ አለባት።

ሲነገር ቀላል ነው። የማተሚያ ቤቱ ፕሮግራም ግን በማውስ እየጎተቱ የሚያባብሉት ዓይነት አይደለም። ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጡታል፣ እሱ በራሱ ጊዜ ገጹን ደርድሮ ያወጣል። ትእዛዙን አሳምሮ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ "ሊቁ" ይሉት ነበር። እሱ እያለ ማንም መመሪያ አንብቦ አያውቅም። ምን ሲባል! ሊቁ እኮ አለ። አንድ ቀን ሊቁ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ፣ ለቤቱ የቀረለት እናት ፋይሉ ብቻ ሆነ። አዲስ ሥራ ሲመጣ እናት ፋይሉን ይገለብጣሉ፣ ጽሑፉን መሃሉ ላይ ይከትታሉ፣ ያትማሉ። ከላይና ከታች የተኮለኮለው ትእዛዝ ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም፤ ከነኩት ግን ማተሚያ ቤቱ የሚዘጋ ይመስላቸዋል።

ለቃሚዋ ለሊቁ ደወለች።

"እህቴ፣ እኔ እኮ አሁን ሴራሚክ ነው የምሸጠው" አላት። "ያንን ነገር ከጭንቅላቴ አውጥቼ ጥዬዋለሁ። ብቻ አደራሽን፣ እናት ፋይሉን እንዳትነኪ።"

"ለምን?"

ሊቁ ትንሽ አሰበ። "እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚሁ ነው የተባልኩት።"

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ተናደደች። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ማንም የማያውቀውን ነገር ሲፈራ ኖሯል።

በንዴት ይሁን በዕድል እንጃ፣ ያን ዕለት በምሳ ሰዓት የፕሮግራሙን ማውጫ ስትጎረጉር ማንም ከፍቶት የማያውቅ መስኮት ብቅ አለ። ግራጫ፣ ጠባብ፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። በላዩ ላይ አዝራሮች ተደርድረዋል። አንዱ ስለ ፊደል፣ አንዱ ስለ ገጽና ጠርዝ፣ አንዱ ስለ ሠንጠረዥ፣ አንዱ ስለ ሥዕል ይላል። የፊደሉን ነካችው። የመመሪያዎች ስም ዝርግፍ አለ፤ ከየስሙ ጎን ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር ተጽፏል። አንዱን ስም ሁለቴ ስትነካው መመሪያው ራሱ፣ ከነምሳሌው፣ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ።

"የእግዜር ያለህ!" አለች ጮክ ብላ። "ይሄ ሁሉ እዚሁ ተቀምጦ ነው?"

ከዚያ በኋላ ምሳ የሚባል ነገር ቀረ። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ዳቦዋን በግራ እጇ ይዛ ትቀመጣለች፣ ቀኝ እጇ ማውስ ላይ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አራቴ ትመላለስበታለች። ያልገባትን ምሳሌ ገልብጣ ትሞክረዋለች፤ ሲበላሽ ትሰድበዋለች፤ ሲሠራ ጠረጴዛውን ትመታለች። ፊደል ማሳደጉን አገኘችው። መስመር ማሳጠሩንም ከጠርዙ አዝራር ሥር አገኘችው።

የመስመር ቁጥር ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ፈላ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ደብዝዟል፤ ብትነካው ብትነካው አይከፈትም። የደበዘዘው መመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለት እንደሆነ ቆይቶ ገባት። ሆድ ባሳት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተነስቶ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ አዝራሮቹን ከዳር እስከ ዳር ትነካካ ጀመር። ይሁን ብላ፣ ምንም ሳትጠብቅ፣ ስለ ግጥም የሚለውን አዝራር ነካች። ለካስ ግጥም የሚያትሙ ሰዎች ስንኝ ይቆጥራሉ! ከስንኙ ዳር ቁጥር የሚያስቀምጠው ትእዛዝ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ለስንኝ የሠራ ለአባባ ወግ የማይሠራበት ምክንያት አልታያትም። ሞከረችው፣ ሠራ።

በደስታ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰጠችውና አሠራችው። የመጀመሪያው ገጽ እንዳሰበችው ወጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ፊደሉ ተመልሶ ጉንዳን አከለ። መጠኑን ጨመረች፤ ያው ጉንዳን። ትእዛዙን ደግማ ጻፈች፤ ያው ጉንዳን። አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ የሠራችውን እያፈረሰባት ይመስል ነበር።

ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ከመመሪያዎቹ በአንዱ መጨረሻ አካባቢ፣ ትእዛዝ አልሰማ ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ምክር አገኘች። ሁለት ትእዛዝ ሲጣላ ኋላ የመጣው ያሸንፋል፤ ስለዚህ ከእርስዎ ትእዛዝ በኋላ ሌላ ትእዛዝ እንዳይኖር ያረጋግጡ ይላል። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናት ፋይሉ ጭራ። ከፍታ አየችው። እንደተባለው አንዲት መስመር አለች፤ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ፊደሉን ሁሉ ታሳንሳለች። አጠገቧ ሊቁ ይሁን ከሊቁ በፊት የነበረ ሰው "ለኪስ ካሌንደር" ብሎ ጽፏል። አንድ ዘመን፣ ለአንድ የኪስ ካሌንደር የገባች መስመር ናት። ካሌንደሩ ታትሞ፣ ዓመቱ አልፎ፣ ወረቀቱ ተጥሎ፣ መስመሯ ግን እንደ እመቤት ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን መጽሐፍ ሁሉ ለቃሚዎቹ ምክንያቱን ሳያውቁ በየገጹ እየገቡ በእጅ ሲያሳድጉ ነው የኖሩት።

ማሽኒስቱ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ በኩል ያያል። "ልትነኪው ነው አይደል?" አለ።

"አልነካውም፣ ጋሼ። ገልብጬ ልጅ አወጣለታለሁ። ልጅቷን ነው የምነካው።"

"እንዳንቺ ያለች ልጅ ወጥታላት እናትየውን አያርገኝ!" አለና እየሳቀ ወደ ማሽኑ ሄደ።

ከቅጂው ላይ መስመሯን አጠፋቻት። ማተሚያ ቤቱ አልፈረሰም። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ፊደል፣ በአጫጭር መስመር፣ ከነቁጥሩ ወጣ። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አውቶቡሱ እንኳ ዘገየብኝ ብላ በእግሯ ወደ አባቷ ቤት ገሰገሰች።

አባትዬው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ተቀብለው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና ረጅም ጊዜ አዩት። እሷ የራሷን ቅጂ ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማንበብ ጀመሩ።

እንደ ውሃ ነው ያነበቡት። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። "ያን ቀን ጠዋት ቢሮ የገባሁት በዝናብ በስብሼ ነበር" ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። እሷ በጣቷ እየተከተለቻቸው ሳለ ጣቷ መንገድ ሳተ። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ ጣቷ ሥር ያለው ሌላ። ተመልሳ አየች። ያ የዝናቡ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ስትለቅም ደግማ ከታው፣ ደግማ ደጋግማ አንብባው አላየችውም።

አባቷ ግን ሁለተኛውን አላነበቡትም። ስህተት መኖሩንም አልተናገሩም።

ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ከወረቀቱ አልፎ መስኮቱ ላይ ነበር። አባባ እያነበቡ አልነበረም። የገዛ መጽሐፋቸውን በቃላቸው እየወጡላት ነበር። ልፋቷን አይተው፣ አዝነውላት፣ ልጄ ሆድ እንዳይብሳት ብለው ነው። እሳቸው፣ ያልተጻፈ ነገር አንብበው የማያውቁት አራሚ! ማልቀስ አማራት፣ ግን ማልቀስ ፊደል አያሳድግም።

"ጥሩ ነው፣ ልጄ። በጣም ጥሩ ነው" አሉ ሲጨርሱ። "ይበቃል።"

"አይበቃም" አለችና ተነሳች። "አንድ ነገር ረስቻለሁ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።"

ማተሚያ ቤት ስትደርስ ማሽኒስቱ ልብሱን እየቀየረ ነበር። "ምነው? ተበላሸ?" አላት። ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች። ድሮ ቢሆን እያንዳንዱን ገጽ በእጇ ማፍረስና መሥራት ነበረባት። አሁን ግን መጠኑ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ልጅቱን ከፍታ አንድ ቁጥር ቀየረች። አየችውና አልበቃ አላት፣ እንደገና ጨመረች። አንድ መስመር ላይ ሦስት ቃል ቢገባ ነው። ምዕራፉ ብቻውን የመጽሐፍ ያህል ወፈረ። ይወፍራ!

በማግስቱ አባቷ የወረቀቱን ክምር በእጃቸው መዘኑና "ምንድነው ይሄ ሁሉ?" አሉ።

"ያንብቡ።"

አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉ። ዛሬ እንደ ውሃ አልፈሰሱም። ተንተባተቡ። አንድ ቃል ላይ ቆሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ያዙት። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የሚያነብ ነበር የሚመስለው፣ እሷ ግን ከዚያ የሚጥም ንባብ ሰምታ አታውቅም። "ያን... ቀን... ጠዋት..." እያሉ የዝናቡን ዓረፍተ ነገር ጨረሱ። ጣታቸው ወደ ታች ወረደች። ጣታቸው ወደ ላይ ወጣች፣ እንደገና ወረደች።

"ማነው ይሄን የለቀመው?" ብለው ጮኹ።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"መስመር አሥራ አንድ ላይ ያለው መስመር አሥራ አምስት ላይ ተደግሟል! ተኝተሽ ነው እንዴ የምትሠሪው? ስንቴ ነው በአንድ ዝናብ የምበሰብሰው?"

ተሰድባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። "አርማለሁ" አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። ድምጿን ሲሰሙ አባትዬው ጣታቸውን ከወረቀቱ አነሱ። አራሚ ናቸውና ነገሩን ለማያያዝ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ትናንትናም ነበረ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ነበረ።"

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ በዓይናቸው ጠርዝ፣ በቀረችው በኩል፣ እሷን ፈልገው አገኟት።

"ይሄም አመለጠኝ በያ" አሉ። "የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ትጽፊልኛለሽ። በትልቁ ጻፊው፣ እኔው ነኝ የማርመው። በይ አሁን ብዕርሽን ያዢ፣ መስመር አሥራ ዘጠኝ ላይ ነን።"