ለእሑድ የጠየቀው አምስት ደቂቃ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እኔ አባትሽን የማውቀው ከቸርች አይደለም» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ጸጋ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች አጠገባቸው ተቀመጠች። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በስደት አገር፣ ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታቸው ሳሎን ከቸርች በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ተሞልቷል፤ ኩሽናው ውስጥ በፎይል የተሸፈነ ምግብ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቷል። አባቷ ኃይለ ማርያም ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ መኪናውን አስነሥቶ፣ ከድራይቭዌዩ ሳይወጣ ልቡ ቆመ። ሰው ሁሉ «ረቡዕ እኮ አብረን ነበርን» እያለ ይገባል፣ «ረቡዕ እኮ» እያለ ይወጣል።

ጸጋ እስካሁን እንባ አልወጣትም። የሚቀጥለው ቅዳሜ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን የምታነበው እሷ ናት። የቸርቹ ሰዎች ጽፈው ሰጥተዋታል፤ «በሀገሩ ሳለ በመምህርነትና በልዩ ልዩ የሕዝብ ኃላፊነቶች በታማኝነት ያገለገለ» ይላል። እንዳይጎድልበት ብላ እንግዳውን ሁሉ ከየት ታውቁታላችሁ እያለች ትጠይቃለች።

«ታዲያ ከየት ነው የሚያውቁት?»

«ከምርጫ ጣቢያ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ሃያ ዓመት አልፎታል። ኃይለ ማርያም በሀገር ቤት፣ በአንዲት የገጠር ከተማ መምህር ነበር፤ በምርጫው ጊዜ የጣቢያ ኃላፊ ሆነ። እሳቸው ታዛቢ ነበሩ። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዎች መጡና ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እሱ ፈረመ። እሳቸው አልፈርምም አሉ፤ አሥራ አንድ ወር ታሰሩ።

«እናቴ የሞተችው ያኔ ነው። አልቀበርኳትም።»

ጸጋ፣ የሆነ ስሕተት አለ፣ የሌላ ሰው አባት ይሆናል ብላ አሰበች።

«ባለፈው ወር አፈላልጎ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ፤ ቆሞ አለቀሰ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፣ ከልቤ ነው። እሱ ግን ‹የፈረምኩት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መናገር አለብኝ› አለኝ። ለነገ እሑድ ፓስተሩን አምስት ደቂቃ ጠይቆ ነበር።»

አምስት ደቂቃውንስ ጸጋ ታውቃለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ሦስት ጊዜ የቸርቹ ሽማግሌ ሁን ተብሎ ሦስቴም እምቢ ስላለ፣ በመጨረሻ እሺ ሊል ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

ኃይለ ማርያም እዚህ አገር ዜግነት ካገኘ ጀምሮ በየምርጫው ከሥራ ፈቃድ እየወሰደ፣ የምርጫ ጣቢያ በሚሆነው የሰፈሩ ላይብረሪ መራጭ ሲያስተናግድ ይውል ነበር። ልጁ ኤልያብ «አባዬ ዛሬም የመራጭ ስቲከር ልታድል ነው?» እያለ ይቀልድበት ነበር። በማግሥቱ እሑድ ደግሞ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ተነሥቶ ከሥልጣን ለሚወርደውም ለሚመጣውም በየስማቸው ይጸልይ ነበር። አንዱን ምርጫ ግማሹ ምእመን ያኮርፈው ነበር፣ ሌላውን የቀረው ግማሽ። አንድ ወንድም «ያንን ሰው ነው ባርክ የምትለው?» ብሎ ቢቆጣው፣ «ለሚወጣው በሰላም መውጣትን፣ ለሚገባው አንድ ቀን እንደሚወጣ ማወቅን ነው የምለምነው» አለው። ጸጋ ያን ቀን በአባቷ ኮርታ ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ጸሎት ለማን እንደነበረ ግራ ገባት።

እናቷንና ኤልያብን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች፤ የሰማችውንና በቀብሩ ላይ ልታነበው ማሰቧን ነገረቻቸው። ኤልያብ ሰምቶ ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ኖ። ሶ አንዲት ሴትዮ መጥታ የሆነ ነገር ነገረችሽ፣ ኦኬ፣ አንቺ ፊውነራል ላይ ልታነቢው? እሱ እኮ መልስ መስጠት አይችልም።»

«ሴትዮዋ ያለችው እውነት ነው» አለች እናታቸው የሺሐረግ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች። «ሃያ ዓመት ከዚያ ወረቀት ጋር ነው የተኛሁት።»

«ታውቂ ነበር?» ጸጋ እናቷ ፊት ቆመች። «ውሸት አትናገሩ እያላችሁ ስታሳድጉን?»

«ፈርቶ ነው ልጄ። እኔ የኤልያብ አራስ ነበርኩ። ቤታችሁን እናውቀዋለን አሉት።»

ኤልያብ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ካነበብሽው አላናግርሽም» አለ።

«እሱ ራሱ ሊናገረው ነበር፣ ኤልያብ። ዝም ካልን ዳግመኛ በስሙ ውሸት ተፈረመ ማለት ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ አላናገራትም። በአንድ ቤት እየተላለፉ እንግዳ አስተናገዱ።

ቅዳሜ ቸርቹ ጢም ብሎ ሞላ። ጸጋ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ የተጻፈላትን አነበበች፤ «በታማኝነት» የሚለው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አባቴ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ሕዝቡ ያልሰጠውን ቁጥር ፈረመ። ያልፈረመ ሌላ ሰው ታሰረ። ይህን ባለፈው እሑድ በራሱ አፍ ሊነግራችሁ አምስት ደቂቃ ጠይቆ ነበር። አልደረሰም።»

ለትንሹም ለትልቁም አሜን የሚል ጉባኤ ጭጭ አለ። ፓስተሩ መሬት መሬት ያያል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወጡ። ጸጋ የቀረውን ልታነብብ ሞከረች፤ አባቷ መሞቱ ገና ያኔ ገባትና ድምፅዋ ተሰበረ። እናቷ መጥታ ይዛት ወረደች።

የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሰው ለስድስቱ ተሸካሚዎች ነጭ ጓንት አደለ። ከፊት በቀኝ ያለው የሳጥኑ እጀታ የኤልያብ ነው። ጓንቱን አጠለቀ፤ እጀታውን ግን አልያዘም። በመካከለኛው መተላለፊያ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሰው አንገቱን እያዞረ ይከተለዋል። ወይዘሮ አሰለፈች በሩ አጠገብ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ኤልያብ ጓንቱን አውልቆ ዘረጋላቸው። ብዙ ሊናገር ፈልጎ አማርኛው አጠረው።

«እትዬ፣ ሳጥኑን እርስዎ ይያዙት» አለ።

አሰለፈች እጃቸውን ሰጡት። ጓንቱ ሰፋቸው። ኤልያብ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለላቸው።