የአድሚኖቹ ፈተና

ሰይፉ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ማንም አላሳፈረውም፤ በገዛ እጁ ነው፣ ያውም ብልጥ ልሁን ሲል።

ሙሉ ስሙ ሰይፈ ሚካኤል ነው፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያደገ። «ድሬ ጥላ» የሚባለውን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው እሱ ነው። መታወቂያ የጠፋበት፣ ደም የሚፈልግ፣ የሚከራይ ቤት ያለው፣ ፍየሏ ቢዮ አዋሌ መንገድ ላይ የቀረችባት፣ ሁሉም እዚያ ይጮኻል። ግሩፑ ሲፋፋ ስድቡም አብሮ ፋፋ። ሰይፉ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሥራ ከያዘ ወዲህ ጊዜ አጣ። ስለዚህ አድሚን ልምረጥ አለ፤ ግሩፑን የሚጠብቅ፣ ስድብና ውሸት ሲያይ ቶሎ የሚያጠፋ ሰው ፈለገ።

ሁለት ሰው ቀረበለት። አንዱ አብሮ አደጉ ሙሂዲን ነው፣ ስልክ ጠጋኙ። ሌላዋ ፋርማሲ የምትሠራው ሉብና፣ ምላሷ የማይቻል። ለሁለቱም ጽሑፍ የማጥፋት ሥልጣን ሰጣቸውና «ለሙከራ ነው» አላቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! የለም፣ እሱን ፈተና ማውጣት አማረው። በሐሰት ስም ሌላ አካውንት ከፍቶ አንድ ዓይን ያወጣ ውሸት ሊለጥፍና ማን ቀድሞ እንደሚያጠፋው ሊያይ።

ውሸቱ ስለ ማን ይሁን? መጀመሪያ ስለ አንድ ባለ ሆቴል ጻፈና ሰረዘው፤ ሰውየው ይከሳል። ስለ ባለ ሱቁ ዐብዲራዛቅ ጻፈ፤ እሱንም ሰረዘው፤ ልጆቹ ጥርስ ያራግፋሉ። በመጨረሻ ስለ ሃሊሞ ጻፈ።

ሃሊሞ ከእነሰይፉ ግቢ ጥግ፣ ዛፉ ሥር፣ ወደ ማታ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ናት። ሰፈሩ በሶማሊኛው «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት። ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ስልኳም ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ሰይፉ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ ስንቱን ማታ ከእሷ መጥበሻ አጠገብ ቁጭ ብሎ የፈነዳ ሳምቡሳ እየበላ አድጓል! እንግዲህ ስለዚህች ሴት ነው «የኤዶ ሃሊሞ ዘይት ከጋራዥ የሚቀዳ ነው፤ ልጄን መርዛብኝ ሐኪም ቤት ነኝ» ብሎ የጻፈው። ማን ያምናል፣ ደግሞስ ወዲያው ይጠፋል፣ እሷም አትሰማም፣ እያለ ራሱን አሳመነ። የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ለጠፈውና ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ገባ፤ ፋብሪካው ውስጥ ስልክ አይፈቀድም።

አይ ሰይፉ! የድሬ ልጅ ሆኖ የድሬን ሰዓት ረሳ። በኤሲ ቀዝቅዞ ስለሚውል ከምሳ በኋላ ከተማው ምን እንደሚሆን ጠፋበት። ያ ሙቀት ሲመጣ ግማሹ ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ግማሹ በርጫ ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ጫቱን ይዞ፣ ስልኩን ይጎረጉራል። ሉብና ከተኙት ነበረች፣ ሙሂዲን ከሚቅሙት። ወሬ ደግሞ በበርጫ ሰዓት እንደሚሮጠው በሌላ ሰዓት አይሮጥም።

ሰይፉ ከሥራ ሲወጣ ስልኩን ከፈተ። ውሸቱ ጠፍቷል፤ ያጠፋችው ሉብና ናት፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ፎቶ እያነሳ በየግሩፑ በትኖታል። ሙሂዲን ሆዬ፣ ያ ሊጠብቅ የተሾመው ሙሂዲን፣ «ዋላሂ እኔንም ባለፈው ሆዴን ቆርጦኝ ነበር» ብሎ ከሥሩ ጽፎበት ነበር። ሰይፉ ባጃጅ ይዞ ወደ ከዚራ በረረ።

ዛፉ ሥር ሲደርስ እሳቱ ጠፍቷል። ሌላ ቀን ሰው የሚጋፋበት ቦታ ጭር ብሏል፤ ሳምቡሳው ሳህን ላይ እንደተቆለለ ቀዝቅዟል። ሃሊሞ ወሬውን የሰማችው ከደንበኞቿ ነው፤ ሊገዙ ሳይሆን ሊነግሯት መጥተው። አጠገቧ ሉብና ቁጭ ብላ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያይላት፣ ሳምቡሳ ትገምጣለች። ሙሂዲንንም ከበርጫው ጎትታ አምጥታዋለች፤ አንገቱን ደፍቷል።

«መጣህ?» አለች ሉብና። «የግሩፑ ባለቤት አንተ ነህ፤ ይሄን ባለጌ ፈልገህ አምጣ። ካልሆነ አድሚንነትህን ራስህ ብላው!»

«ተይ ሉብና» አለች ሃሊሞ። «ልጅ የታመመበት ሰው ምን የማይለው አለ? እኔም ዘይቱን ከየት ነበር የገዛሁት እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ።» ወደ ሰይፉ ዞረች። «ዋርያ ሰይፉ፣ አንተ የስልክ ነገር ታውቃለህ። የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ልጁን ሄጄ ልየው።»

እግሯ ሥር ፌስታል አለ። ብርቱካን ገዝታ ነበር።

ሰይፉ ብርቱካኑን ሲያይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ዝም ብሎ ማምለጥም ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ግን ይህች ሴት ነገ በየሐኪም ቤቱ የሌለ ልጅ ፍለጋ ልትዞር ነው።

«የታመመ ልጅ የለም፣ ኤዶ» አለ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነዚህን ልፈትን ብዬ ነው።»

ሉብና የጎረሰችውን ማላመጥ ተወች። ሙሂዲን ቀና አለ።

«ታዲያ ልጁ ደህና ነው?» አለች ሃሊሞ።

«ልጁ የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሃሊሞ። «ግን ከዚህ ሁሉ የከዚራ ሰው እኔን ለምን መረጥከኝ?»

ሰይፉ ሳይመልስላት ሉብና ተነሳችና «ጻፍ!» ብላ ጮኸችበት። ሰይፉም በራሱ ስም ሁሉንም ጻፈ፤ ውሸቱ የእሱ መሆኑን፣ ሃሊሞ ምንም እንዳልበደለች። ሉብና ስልኩን ተቀብላ ጽሑፉን ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀለችው። «አድሚን ትፈልግ አልነበር? እኔ ነኝ» አለችው። «የመጀመሪያ ሥራዬም ይሄን ማንም እንዳያወርደው መጠበቅ ነው። በተለይ አንተ!»

ሃሊሞ ግን ስልኩን ዞር ብላም አላየችው። «አልመለስክልኝም» አለች።

መልሱን ያውቀዋል። ባለ ሆቴሉ ጠበቃ አለው፤ ዐብዲራዛቅ ልጆች አሉት።

«ማንም የላትም ብዬ ነው» አለ ሰይፉ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሃሊሞ የቀዘቀዘውን ሳምቡሳ አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ፣ ብርቱካኑ ላይ፣ መክተት ጀመረች። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «አንተ ያለኸኝ መስሎኝ።»