ማንም የማያነሣው ወንበር

ሰፈሩ «ውሃ ልክ» እያለ የሚጠራው አናጢ በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛም ይሠራል፤ ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ግን አይሠራም። ቅጽል ስሙ የወጣለት፣ ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ሥዕል ካየ ሳያቃናው ሻይ ስለማይቀምስ ነው። ጠረጴዛ ያዘዘ ደንበኛ «ወንበሮቹስ?» ብሎ ሲጠይቀው ዓይኑን ወደ መጋዙ ይመልስና «ወንበር ከመንገዱ ማዶ ነው» ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ የፕላስቲክ ወንበር ነጋዴ ነው፤ አናጢውን እንደ እናቱ ልጅ ይወደዋል።

የገዛ ቤቱም አልተረፈም። በገዛ እጁ በሠራው፣ ያየው ሁሉ በሚዳብሰው የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስቱ ጨርቅ ታለብሳቸዋለች።

«የአናጢ ሚስት ነኝ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር?» ትላለች። እሱ የጨርቁን ጠርዝ ያቃናል። እሷም ምክንያቱን ስለምታውቅ ብዙ አትገፋበትም።

ነገሩ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለአማቱ፣ ለሚስቱ እናት፣ ልደት ወንበር ሊያደርስ ቃል ገብቶ ነበር። ወሩ ዝናባማ ነበርና ኮላው አልደርቅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ከሞርሳው ሲያላቅቀው ኮላው ገና እንዳልያዘ እጁ አውቆታል። ያም ሆኖ «ይይዛል» አለ ለራሱ፤ ቫርኒሽ ቀብቶም ወሰደው። እሑድ፣ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ውስጥ፣ ወንበሩ አማቱን ይዞ ወረደ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

ከዚህም የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሁሉም ሲጯጯኽ አፉ ሳያማክረው ተከፈተና «ወለሉ ነው! ወለሉ ተዳፋት ነው!» አለ። ውሃ ልክ ተዳፋት ነው ካለ ማን ይከራከራል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስኪኑ ወለል ሲወቀስ ከረመ። በመጨረሻ አናጢው አላስችል ቢለው ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ፤ ከዚያም አማቱ የተኙበት ሆስፒታል ሄዶ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ እውነቱን አወጣ።

«ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት የወለወልኩትን ወለል አላውቀውም?» አሉና ግንባሩን ሳሙት። ነገሩ በእሳቸው በኩል በዚያው አለቀ። በእሱ በኩል ግን ገና መጀመሩ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አማቱ ከዘራቸውን እያንኳኩ ሥራ ቦታው ድረስ መጡ።

«እማማ! በእግርዎ መጡ? ምናለ ቢደውሉልኝ?» መላጊያውን ጥሎ ሮጠና ክንዳቸውን እንደ እንቁላል ያዘው።

«ልቀቀኝ፣ አልሰበርም። ወንበር ላዝ ነው የመጣሁት።»

«ወንበር እኮ ከመንገዱ—»

«ፕላስቲኩን አየሁት። ፀሐይ ስትነካው እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። ግቢዬ ውስጥ ፀሐይዋን እየተከተልኩ የምቀመጥበት ነው የምፈልገው። ጠዋት በሩ ጋ ናት፣ እኩለ ቀን ቧንቧው ጋ፣ ወደ ማታ አጥሩ ሥር። የእጅህን ሥራ ነው የምፈልገው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ፣ አንተ እኮ። እስቲ ልጠይቅህ።» አማቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የሠሩት፤ ነገር ሲይዙ ዛሬም አገጫቸው ከፍ ይላል። «ተበዳይዋ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይቅር አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«አባስ?»

«ይፍታህ ብለውኛል።»

«ከኪሳቸው አውጥተው ነው?»

«ኧረ! በእግዚአብሔር ስም ነው እንጂ።»

«እንግዲህ የበታቹም የበላዩም ችሎት ነጻ ለቆሃል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል ብዙ አይቻለሁ። በነጻ ተለቆ ይግባኝ ያለ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ!»

አናጢው ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። «እኔ ግን ራሴን…» ብሎ አቆመ።

አማቱ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ዳሌዬ ድኗል ልጄ። ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል። ድሮ ቤቴ ስትመጣ ሳቅህ ከአንተ ቀድሞ ይገባ ነበር። ካርታ ስንጫወት ዓይኔ እያየ ታጭበረብረኝ ነበር። አሁን ወለል እያየህ ትገባለህ፣ ወለል እያየህ ትወጣለህ። ፊትህን ባየሁ ቁጥር ነው መውደቄ የሚታወሰኝ፤ አለዚያማ ረስቼው ነበር። ስወድቅ የጠፋኝ ልጅ ይመለስልኝ ነው የምልህ።»

አናጢው ሜትሩን አነሣና ከጉልበታቸው እስከ መሬት ለካ።

ወንበሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሰፈሩ ውስጥ ካለው ጣውላ ሁሉ ከባዱን መረጠ። አራት እግር አላጠግብ ብሎት መሐል ላይ ሁለት ጨመረ። ኮላ ያለበት ቦታ ሁሉ ምስማር፣ ምስማር ያለበት ቦታ ሁሉ ብሎን፣ በማዕዘኑ ደግሞ ብረት። ሲያልቅ ቆመበት፤ ዘለለበት፤ ሚስቱንም ጠርቶ አብረው ዘለሉበት።

«እናቴ ናት የምትቀመጥበት ወይስ ዝሆን?» አለች ሚስቱ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

ወንበሩ በጋሪ ተጭኖ ሄደ፤ አራት ሰው አውርዶት በሩ ጋ ተከለው። አማቱ ወጥተው ዞሩት። በአንድ እጃቸው ጎተቱት። ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ጎተቱት። ወንበሩ ፍንክች አላለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበር ነው እማማ። መቼም አይሰበርም።»

«መቼም አይነቃነቅማ! ፀሐይዋ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች፤ እኔ እዚህ ተተክዬ እቀራለሁ።» ከዚያ ዓይናቸውን አሹለው አዩት። «ልጄ፣ ይህን ለእኔ አልሠራኸውም። ለዚያች እሑድ ሐውልት ነው ያቆምክላት። ሐውልትህን ውሰድልኝ።»

አናጢው አኩርፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የነፍስ አባቱ ቄስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ግቢው ውስጥ አትክልት ያጠጣሉ።

«አባ፣ ልናዘዝ ነው።»

«አዲስ ኃጢአት ይዘህ መጥተህ ከሆነ እሰየው፣ እሰማለሁ። የአራት ዓመቱን ከሆነ ግን እግዚአብሔር ትቶታል፣ እኔም ትቼዋለሁ፤ ብቻህን ነህ።»

«አባ፣» አለ አናጢው፤ ለማንም ነግሮት የማያውቀው ነገር ከአንደበቱ አመለጠው፤ «እኔ ራሴን ይቅር ካልኩ መልሼ የማደርገው ይመስለኛል። ያ ነገር እላዬ ላይ ካልተቀመጠ እጄን አላምነውም።»

ቄሱ ቱቦውን ወደ ጽጌረዳው ሥር ለቀቁት።

«ጌታ ያወረደልህ ሸክሙን ነው እንጂ ሙያህን አይደለም። ከዚያ ጥፋት የተማርከው ትምህርት አንተው ጋ ይቆያል፤ ማንም አይወስድብህም። አንተ ግን ሸክሙን መስቀሉ ሥር ታስቀምጣለህ፣ ወዲያው በጓሮ በር ዞረህ ተሸክመኸው ትወጣለህ። ትሕትና መስሎህ ነው፤ ግን እኮ የእሱ ይቅርታ አልበቃኝም ማለትህ ነው።»

«ቀኖና ይስጡኝ እንግዲህ።»

«ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው የሚጎትቱትን ወንበር ሥራ። ቀኖናህ እሱ ነው።»

«ቀላል ወንበር ይሰበራል አባ።»

«በደንብ ቢሠራም?»

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት ሙያ እንዲዋሽ አልፈቀደለትም። «በደንብ ከተሠራ… አይሰበርም።»

«በል ሂድ፤ ጫማህን ሳላርሰው።»

በማግሥቱ ቀላልና ደረቅ እንጨት መረጠ። እግሮቹን እያቀጠነ ላጋቸው። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር መላጉ ሳይሆን የት ላይ እንደሚያቆም ማወቁ ነበር፤ ትንሽ ላጥ ባደረገ ቁጥር እጁ ወደ ብሎኑ ሣጥን ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው ሣጥኑን ለሚስቱ ሰጣትና «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አላት።

ኮላውን ከመቀባቱ በፊት መሮውን አስቀምጦ ቆመ። ጸሎት አዋቂ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን አንዷን ነው በየቀኑ የሚደግማት። ያን ቀን ግን በራሱ ቃል ተናገረ፤ ድምፁን ሰምቶ ራሱም ደነገጠ።

«ጌታ ሆይ፣ ይቅር ብለኸኛል። አራት ዓመት መልስ ሳልሰጥህ ቆየሁ። እሺ።»

ሌላ ቃል አልመጣለትም። ብሩሹን ኮላው ውስጥ ነከረ።

በሁለተኛው ቀን አማቱ ደወሉ። «ደረሰ?»

«አልደረቀም።»

«ነገስ?»

«ከነገ ወዲያ እማማ። ቢቆጡም አልሰጥም።»

«ማን ተቆጣ?» አሉና ዘጉት።

ኮላው ሲደርቅ ወንበሩን በብብቱ ሸጉጦ በእግሩ ወሰደው። አማቱ በሁለት ጣት ብድግ አደረጉት፣ «አሃ!» አሉ፣ እየጎተቱ ቧንቧው ጋ ወሰዱት፤ ወደ ኋላቸው እንኳን ሳይመለከቱ ቁጭ አሉ። ወንበሩ ምንም አላለም። አማቱ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ይገትርሃል? ግባና ምሳህን ብላ። ልጄ አቅርባለች።»

ገብቶ በመስኮቱ በኩል ከሚስቱ ጋር ተቀመጠ። ከሾርባው ሁለት ማንኪያ እንደቀመሰ የግቢው በር ተንኳኳና የአማቱ ጎረቤት የሆነው የአውቶቡስ ሾፌር በጎኑ ተጣቦ ገባ፤ በማንኛውም በር ፊት ለፊት የሚገባ ሰው አይደለም። አማቱ እሱን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ና አንተ፣ አረፍ በል! አማቼ የሠራልኝ ነው፤ እስቲ ሞክረው!»

ማንኪያው አናጢው እጅ ላይ ቀረ። ሾፌሩ ዞሮ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንደሚቆም አውቶቡስ እያቃሰተ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። አናጢው ከመቀመጫው ተነሣ፤ እጁ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ወንበር ነው፣» አለች ሚስቱ ዳቦ እየቆረሰች። «ሰው ሲቀመጥበት ይጮኻል።»

ቆሞ አዳመጠ። ጩኸቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እንጨት የሰው ክብደት ሲለምድ የሚያሰማው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሾርባው ገና ትኩስ ነበር።

«ውሃ ልክ!» አለ ሾፌሩ ከውጭ፣ ጀርባውን አስደግፎ። «ከዚህ ዓይነት ስድስት ብትሠራልኝስ?»

ሚስቱ ዳቦውን ይዛ ቀረች። አማቱም በከዘራቸው ተደግፈው ወደ መስኮቱ አዩ። አናጢው የጎረሰውን እስኪውጥ ድረስ አስጠበቃቸው፤ ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«እነማን ናቸው የሚቀመጡበት?» አለ። «ቁመታቸውን ንገረኝ።»