ግራ የሚጠመዘዘው አንሶላ

እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከምሳ በኋላ ዘፈን የሚመርጠው ጠዋት ምንም ያላበላሸ ሰው ነው። ያቃጠለ፣ ቀለም ያጋባ፣ ቁልፍ የጣለ አፉን ይዘጋል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንፋሎት የምንለው ተኳሹ ሰውዬ ካልተገራ ቀኑን ሙሉ አንዱን ዘፈን ሲያላዝነው ይውላል።

አራት ነን። እኔ እዘፈዝፋለሁ፣ አጥባለሁ። የልጅ ልጄ ሌላውን ጫፍ ይዛ ታስጨምቀኛለች። እንፋሎት ይተኩሳል። መርፌ የምንላት ሴት የተቀደደውን ትሰፋለች። የሚመጣልን የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ነው። ማሽን አለን፤ መጭመቂያው ግን ከተበላሸ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ባለቤቱ “ነገ ይሠራል” ይላል። የሱ ነገ ፂም አብቅሏል።

ያን ረቡዕ ማንም ምንም አላበላሸም። ስለዚህ ሁሉም በየተራው የሚወደውን እንዲያሰማ ፈቀድኩ። መርፌ የሠርጓን ዘፈን ከፈተችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

እንፋሎት ካውያውን አቁሞ “ይሄ እኮ የዘፋኟ አይደለም” አላት። “ሌላ ሰው ከሷ በፊት የዘፈነው ነው።”

“ዝም በል አንተ!”

ስልኩን ነካ ነካ አደረገና አሰማት። እውነትም ያው ዜማ ነው፤ የሚዘፍነው ግን ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ነው፣ ያውም በማናውቀው ቋንቋ።

“ዝጋው! በዚህ ዘፈን ነው ያገባሁት!”

“ባልሽስ የራስሽ ነው? ወይስ እሱንም ፈልጌ ላውጣልሽ?”

በያዘችው ጨርቅ ጀርባውን አጮለችው። እኔም ሳቅሁ። “የራስህንስ?” አልኩት። የራሱን ሲፈልግ የሱም የተውሶ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ዓመት ደረቱን የነፋበት ዘፈን የሰው ሆኖ ሲያገኘው ፊቱ እንደታጠበ ካልሲ ተጨማደደ።

ተራው የልጅ ልጄ ሆነ። የምትመርጠውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የወርቅ ጉሮሮን ዘፈን።

ወርቅ ጉሮሮ የሚሉት ያን ታላቅ ዘፋኝ ነው። ዘፈኑን የማያውቅ የለም። “ያዢልኝ ጫፉን” ይልና ቀጥ ይላል። ትንፋሽ የምታህል ዝምታ። ከዚያ “አጥብቀሽ ያዢው” ብሎ ይቀጥላል። በራዲዮ የሚያወሩት ሰዎች ያቺን ዝምታ ጥበብ ናት፣ የፍቅር ሲቃ ናት ይላሉ። እኔ ስሰማቸው እስቃለሁ። ያቺ ዝምታ እጅ መቀየሪያ ናት። ሁለት ሴቶች አንሶላ ሲጨምቁ አንዴ ይጠመዝዙና ለሁለተኛው እጃቸውን ያዛውራሉ፤ እጅ ሲዛወር አፍ ዝም ይላል። ዘፈኑ የእኛ የአጣቢዎቹ ነው። ውሃው ዳር ስንዘፍነው ነው የኖርነው።

እንደ ታናሽ እህቴ ግን የሚዘፍነው አልነበረም። ግራ እጇን ስለምትጠቀም ግሬ ነበር የምንላት። ጨርቅም ወደ ግራ ነው የምትጠመዝዘው። ከሷ ጋር የሚጨምቅ እሱም ወደ ግራ ካልጠመዘዘ አንሶላው ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ጠብ አይለውም። ይህን የለመድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ “ከግሬ ጋርስ እርጥቡን ማስጣት ይሻላል” እያሉ ይሸሹን ነበር።

አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ አንድ ቀጭን ወጣት በመኪና መጥቶ ድምፅ መቅጃ አስቀምጦ አዳመጣት። ከተማ ወስጄ ላስቀርጻት አለ። እሷ ፈራች። “ሂጂ!” ብዬ የገፋኋት እኔ ነኝ። “ድምፅሽን እዚህ ሳሙና በልቶት ሊቀር ነው?” አልኳት። የሁለት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ወጣቱን ፈልጌ ሳገኘው ማለልኝ። “የዚያኑ ዕለት ማታ አውቶቡስ ተራ አወረድኳት፤ ዘመድ አለኝ ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም” አለ። ከዓመታት በኋላ በዚሁ ዘፈን ወርቅ ጉሮሮ ተባለ።

አመንኩት። ለምን እንዳመንኩት ልናገር፤ ካላመንኩት እህቴን ገፍቼ የሰጠሁ እኔ ልሆን ነዋ።

አሁን ደግሞ ይኸው ሰው የልጅ ልጄን ሰማት። ለሆቴሉ አንሶላ ልታደርስ ሄዳ ስታንጎራጉር አገኛት። ሦስት ቀን በመሣሪያው ቀዳት። ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ፣ “እማማ፣ የእህትዎ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህችን ልጅ ግን ትልቅ ሰው አደርግልዎታለሁ” አለኝ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሊወስዳት ተስማምተን ነበር። ሐሙስ ማለት የዚያ ረቡዕ ማግስት ነው። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ እዚሁ ማጠቢያ ቤቱ በር ሥር ቆሟል።

ዘፈኑ ሲያልቅ እንፋሎት ቂሙን ሊወጣ “እስቲ የሱም የተውሶ እንደሆነ እንየው” አለ።

“የሱማ የእኛ ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?” አልኩት።

“አይ እማማ፣ ከሱ በፊት የተቀዳ ካለ ማለቴ ነው።” ፈለገ፤ ቆየ። “አለ!” አለ። አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ጋር የገዛው ካሴት ውስጥ አግኝቶ የለቀቀው ነው። ሥሩ “ዘፋኟ አልታወቀችም” የሚል ተጽፎበታል ብሎ አነበበልን።

ከፈተው።

መጀመሪያ የተሰማው ውሃ ነው። ሳፋ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ። ከዚያ ግሬ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን አይዋሸኝም። ዘፍዝፌው የነበረው እጄ ውሃው ውስጥ በረደ። ያዢልኝ ጫፉን፣ ዝም፣ አጥብቀሽ ያዢው፣ ከለቀቅሽውማ ጭቃ ነው እጣው። በዝምታዋ መሃል ውሃው ቸር ብሎ ሲወርድ ይሰማል። ግሬ እጇ ካልሠራ ድምጿ አይወጣም ነበር፤ ስትዘፍን ታስጨምቃለች ማለት ነው። ብቻዋን ደግሞ አንሶላ አይጨመቅም። ሌላውን ጫፍ የያዘ ሰው ነበረ።

ከዚያ የማላውቀውን ስንኝ አወጣች።

ቁንዶ ተወለደች፣ ወሬዋ ደረሰኝ፤
ሄጄ እንዳላቅፋት በሩ ተዘጋብኝ።

ወዲያው የወንድ ድምፅ መጣ፤ የወርቅ ጉሮሮ ድምፅ። ቅርብ፣ ረጋ ያለ። “ይሄኛውን ተይው። ከላይ ጀምረሽ ድገሚ።” እሷም ደገመች። ቅጂው እዚያ ላይ ተቆረጠ።

መርፌ “ቁንዶ ማናት?” ብላ ጠየቀች።

የልጅ ልጄ “እናቴ” አለች። “እናቴን ቤት ውስጥ የሚጠሯት እንደዚያ ነበር።”

ነፍሷን ይማርና፣ ልጄ ስትወለድ ጠቁራ፣ አንሳ፣ እሳት የሆነች ነበረች፤ ቁንዶ በርበሬ አልናት። ግሬ ከሄደች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ቁንዶ ተወለደች የሚል ደብዳቤ አስጽፌ ግሬ የገባችበትን አውቃለሁ ላለኝ ሹፌር ሰጠሁት። መልስ ስላልመጣ አልደረሳትም ብዬ ቀረሁ። ደርሷት ኖሯል። ታዲያ አውቶቡስ ተራ ያወረዳት ሰው ከሰባት ወር በኋላ “ድገሚ” የሚላት በየት በኩል ነው?

ነገርኳቸው። እንፋሎት ካውያው በሆቴሉ አንሶላ ላይ እስኪጨስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ልጅቱ ግን ልጅ ናት። ሻንጣዋን ዞራ አየችው። “እማዬ፣ ድምፅ ይመሳሰላል እኮ። ሰውየው ሌላ ቢሆንስ? ክፉ ቢሆን ቤታችን መጥቶ ጉልበትሽን ይስማል?”

“ጉልበት የሚስም ሁሉ ደግ ከሆነማ ቁንጫም ደግ ነው።”

“ይምጣና ልጠይቀው። ራሱ ይንገረኝ።”

“ይምላል። መሐላ ላንደበቱ ውሃ ነው።”

“ያላየሁትን አላምንም” አለች። ግትርነቷ የኔ ነው፤ ማንን ልውቀስ። ያላየችውን አላምን ካለች ማሳየት ነው።

ሐሙስ በሰዓቱ መጣ። ነጭ ኮት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። መኪናውን ማዕዘኑ ላይ አቁሞ ገባ። መርፌና እንፋሎት ቀና ብለው አላዩትም። ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ቆመች።

“እንደምን ዋሉ እማማ? ተዘጋጀች?”

“ተዘጋጅታለች። እኔ ግን አስጨማቂ አጣሁ። ይሄ አንሶላ አንድ ቀርቶብኛል፤ ልጅቷ የጉዞ ልብሷን ለብሳለች። ና፣ ጫፉን ያዝልኝ።”

ሳቀ። “እኔ? እማማ፣ በሕይወቴ ጨርቅ ጨምቄ አላውቅም።”

“ስትዘፍነው እንጂ ስትሠራው አናውቅህማ” አለው እንፋሎት ከሚተኩሰው ሳይዞር።

ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ እጅጌውን ጠቀለለ። ሰው የሚያየው ሰው እንቢ አይልም። ጫፉን ሰጠሁትና ዘፈኑን በዝግታ ጀመርኩ።

“ያዢልኝ ጫፉን…”

እንደ ማንኛውም ሴት ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ጨምቄ አላውቅም ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ያየውን ይከተላል፣ ወይ ጫፉን እንደ ሞተ ዓሣ ይዞ ይቆማል። እሱ ግን አልቆመም። ዝምታዋ ስትደርስ እጁን አዛወረ፤ ልክ በቦታዋ። የጠመዘዘውም ወደ ግራ ነው። አንሶላው በመሃላችን እንደ ገመድ ዞረ፣ ዞረ፤ ጠብታ አልወጣውም።

“አጥብቀሽ ያዢው…”

አሁንም አዛወረ፤ አሁንም ወደ ግራ። አንሶላው ይሽከረከራል፣ ውሃው ውስጡ ነው። መርፌ “ኧረ በስመ አብ!” ብላ መርፌዋን ጣለች። ልጅቷ የሱን እጅ እንጂ ፊቱን አታይም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ ጨምቃለች፤ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ አንድም ሰው አይታ አታውቅም።

“ማን አስተማረህ?” አልኩት።

እጁን አየው። የራሱ እጅ የከዳው ይመስል አየው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የዚህን ሰው ሆድ ግን አንሶላ አወጣው።

“ስንት ወር ያዝክላት? የትኛው ቤት? የቱ በር ነው የተዘጋባት?” አንሶላውን ወደ እኔ ሳብኩት። “እህቴ የት ናት?”

ጫፉን ለቀቀው። አንሶላው ሲሚንቶው ላይ፣ የቆሻሻው ውሃ ላይ ተዘረጋ። እሱ እጁን በመሃረብ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አደረቀ። ኮቱን ለበሰ።

ልጅቷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። “አልሄድም” አለች።

ሲወጣ ደጃፉ ላይ ዞረ። ድምፁ ያው ነው፤ የካሴቱ፤ ቅርብ፣ ረጋ ያለ። “ቆይተሽ ትመጫለሽ። ድምፅሽ እኔ ጋ ነው።”

የዚያኑ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መኮንኑ አዳመጠና “እማማ፣ ይሄ እኮ ዘፈን ነው” አለኝ። ስለ አንሶላው ስነግረው ከጎኑ ያለውን ሰው ጠቀሰው። ይጥቀሰው። በማግስቱ እንፋሎት ስልኩን ከፍቶ ሲፈልገው ቅጂው የለም፤ የለቀቀው ሰው ገጽም የለም፤ ተነቅሏል። “ላስቀረው አላሰብኩም፣ ምነው እጄን ቢቆርጠው” እያለ ጭንቅላቱን መታ።

መኪናው ግን አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ዘፈን በምንመርጥበት ሰዓት፣ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል። ሞተሩ አይጠፋም። ማንም አይወርድም። መርፌ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። እንፋሎት ልጅቷን ቤት ድረስ ይሸኛታል። እኔ ከጎኗ ነው የምተኛው፤ ምን እችላለሁ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ጥርስ ባይኖረኝ ጥፍር አለኝ።

ትናንት ተራው የሷ ነበር። ስልኩን ሲሰጧት እንቢ አለች። አንሶላውን ከሳፋው አወጣችና አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። ከዚያ ሄዳ የመርፌን መጋረጃ ገለጠች፤ መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።

“ምን ልትሆኚ ነው? ዝጊው!” አልኳት።

“ይስማ። የቀዳው ሌላ ነው፤ ይሄኛው እኔ ጋ ነው።”

ጫፏን አነሳችና ወደ ግራ ጠመዘዘች። አርባ ዓመት ያልነካኋትን ነገር እጄ አልረሳትም፤ ወደ ግራ ጠመዘዝኩላት። ውሃው ቸር አለ። ቁንዶ ተወለደች ብላ ጀመረች፤ ጮክ ብላ፣ መንገዱ እስኪሰማ። ዝምታዋ ላይ ስንደርስ እጃችንን አዛወርን። ያኔ ነው ማዕዘኑ ላይ የቆመው ሞተር ጠፍቶ የመኪና በር ሲከፈት የሰማሁት።

“አጥብቀሽ ያዢ” አልኳት።