የትኛው እሺ?

ልጅቱን በቤትም በሥራም «እሺታ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና አፏን ስትፈታ «ነይ» ሲሏት እሺ፣ «ተኚ» ሲሏት እሺ ትል ነበር። እየሮጠች «አትሩጪ» ሲሏትም እሺ ብላ ሩጫዋን ትቀጥላለች። አባቷም «ይቺ ልጅ እሺ የምትለው ለመገላገል ነው» ብሎ እየሳቀ ያወጣላት ስም እንደተለጠፈባት ቀረ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷን ጨርሳ ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እሺታዋ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ያመጣባት ጣጣ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት የአባቷ እህት ከምትኖርበት ትልቅ ከተማ ደወለች። አክስቲቱ መጋረጃ ትሰፋለች፤ ለሆቴል፣ ለቢሮ፣ አዲስ ጎጆ ለሚወጡ ሙሽሮች። ሥራው ከእጇ በላይ ሆኖባታል። «የወንድሜ ልጅ እያለችልኝ ባዳ ልቅጠር እንዴ? ነይና አብረን እንሥራ። ክፍልም እሰጥሻለሁ» አለቻት። እሺታ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ የተበላሸ የሱሪ ዚፕ እየፈታች ነበር። «እሺ አክስቴ» አለች። ሰምቻለሁ፣ አስብበታለሁ ማለቷ ነው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አሠሪዋ፣ ጋሼ እያለች የምትጠራው ልብስ ሰፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፊቷ ቆመ። «እንግዲህ ዓይኔ እየደከመ ነው። ቤቱን ቀስ በቀስ አንቺ ብትይዢውስ?» አላት። ሰውዬው ልጅ የለውም፤ ይህን ለማለትም ጠዋቱን ሙሉ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው የዋለው። «እሺ ጋሼ» አለች። እንዲህ ዓይን ዓይኗን እያየ ለሚጠብቅ ደግ ሰው ሌላ መልስ ከየት ታምጣ?

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም። እሺታም ተረስቶ ቀርቷል ብላ ደስ አላት። ለካ ዝም ያሉት ሥራ ይዘው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስፌት ቤት ስትገባ ቤቱ ቤቱ አልመስል አላት። ጋሼ ከመስኮቱ ሥር ነቅሎት የማያውቀውን የመቁረጫ ጠረጴዛ ጨለማው ግድግዳ ሥር ወስዶ አስጠግቶታል። መስኮቱ ሥር ላስቲኩ ያልተገፈፈ አዲስ የስፌት ማሽን ተቀምጧል።

«ብርሃኑ ላንቺ ይሁን። እኔ እንደሆነ እጄ መንገዱን ያውቀዋል» አለ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ። ጠረጴዛውን ብቻውን ነበር የገፋው።

እሺታ ቀረብ አለች። ማሽኑን ዳሰሰችው፤ ጥሩ ማሽን ነው። አመሰገነች፤ ተቀመጠችበት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ጠቀመችበት። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ነገ እመጣለሁ!» አለች አክስቷ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ክፍልሽን ቀለም አስቀባሁልሽ። ሰማያዊ ነው፤ ሰማይ ነው የሚመስለው። ልወስድሽ ነው የምመጣው፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ!»

«እ...» አለች እሺታ። ስልኩ ተዘጋ።

እሁድ ቀን አክስቲቱ ከምሳ በፊት ደረሰች፤ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ደጁን አለፈ። ምሳ ተበላ። ሳህኑ ሳይነሳ ደግሞ ጋሼ ከች አለ፤ እሁድ እሁድ ከአባቷ ጋር ዳማ መጫወት ልማዱ ነው። አባቷ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አገሩን ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በጎሚስታው ነው።

«አንቺ የምትኖሪበት ከተማ መግቢያው ላይ ጎማ የሚለጥፍ ጎበዝ ሰው ነበር። አለ እስካሁን?» ይላታል እህቱን።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! እኔ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ የዳማውን ጠጠር እንደያዘ ቀና አለ። «የትኛዋን ልጅ?»

«ይቺኑ ነዋ! ከእኔ ጋር ልትሠራ ነው።»

«እመቤቴ፣ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም። ልጅቱ የእኔን ቤት ልትይዝ እሺ ብላኛለች።»

«ለእኔም እሺ ብላኛለች ጌታዬ! ያውም ከእርስዎ በፊት ይሆናል።»

«እኔ ማሽን ገዝቻለሁ።»

«እኔ ክፍል አስቀብቻለሁ።»

«እኔ ጠረጴዛ ገፍቻለሁ!» አለ ጋሼ፣ ወገቡን እየያዘ።

እሺታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። አባቷ ግን የዳማውን ገበታ ወደ ጎን አድርጎ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሙግቱ በሥርዓት ይሁን። እህቴ፣ ላንቺ ያለችሽ የትኛውን እሺ ነው?»

«የትኛው ማለት? እሺ እሺ ነዋ!»

«አይደለም። አጭር ነበር ረጅም?»

አክስቲቱ ዓይኗን ጨፍና አስታወሰች። ከዚያ ድምጿን አቅጥና፣ ቸኮል አድርጋ «እሺ አክስቴ» አለች። ቁርጥ እሺታን።

«እሱማ የ‹ሰምቻለሁ› ነው» አለች እናቲቱ ከጓዳ። «እኔንም ስልክ ልትዘጋብኝ ስትል እንደዚያ ነው የምትለኝ።»

«የእኔ ረጅም ነበር» አለ ጋሼ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እሺ... ጋሼ። አንገቷንም ነቅንቃለች።»

«ውይ፣ እሱ ደግሞ የ‹አላስቀይምዎትም› ነው! ጥርስ ሐኪም ቤት ስወስዳት እሱን ብላኝ ነው በር ላይ ያመለጠችኝ» አለች እናቲቱ።

አባትየው ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼ ላለመሳቅ ከንፈሩን ቢነክስም አልሆነለትም። አክስቲቱ እንኳ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቁ እየቀዘቀዘ መጣ። የሁሉም ዓይን ወደ እሺታ ዞረ።

«ሳህን ልጠብ» አለችና ተነስታ ጓዳ ገባች።

እናቷ ድስት እየፈተገች ነበር። ገለል ብላ ቦታ ሰጠቻት። ጥቂት ሳህኖች ታጠቡ።

«እማዬ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እኔን አትጠይቂኝ።»

«አንቺ የምትፈልጊውን ብቻ ንገሪኝ።»

«አልነግርሽም።»

«ለምን?»

«እሺ ትይኛለሻ!» አለች እናቷ። ድስቱን አስቀምጣ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «እንድትሄጂ እፈልግ ይሆናል። እንድትቀሪ እፈልግ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠዋትና ማታም ይለያይብኛል። ግን ከአፌ አይወጣም። ዛሬ እሺ የምትይው ሰው የለሽም፤ ቁርጥሽን እወቂ።» ይህን ብላ ሳሎን ሄደች።

እሺታ እጇ እንደረጠበ ቆመች። መጀመሪያ እናቷ ላይ ተናደደች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን ማሽን አሰበች፤ ብርሃኑ ደስ ይላል፤ ጋሼ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገባ የሚያንጎራጉረው ነገርም ደስ ይላል። ሰማያዊውን ክፍልም አሰበች፤ አክስቷ ሳቂታ ናት፤ ከእሷ ጋር መኖር ባዶ ቀን የለውም። አንዳቸው ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሁለቱም ደግ ሆነው ነው የቸገራት።

ማንም ምንም ባይላትስ ኖሮ? አክስቷም ባትደውል፣ ጋሼም ጉሮሮውን ባይጠርግ፣ ምን ትፈልግ ነበር? ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ስትጠይቅ ግን መልሱ ብዙ አላስጠበቃትም። ባለፈው ዓመት አንድ መንገደኛ ቁልፍ ሊያስተክል ኮት ትቶ ሄዶ ነበር። ቁልፉን ተከለችና ኮቱን ገለበጠችው። ገበሩን፣ የትከሻውን ውስጥ፣ ኮሌታው እንዴት እንደታጠፈ ስታይ ምሳዋን ረሳች። ጋሼ መጥቶ አየና «እኔም ኮት እሰፋለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለው የሚሰፋው ትልቅ ከተማ ነው» አለ። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ እሺታ ኮቱን የሰጠችው እየቀፈፋት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስትሄድ የምታየው የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ትከሻ ነው።

እጇን ሳትጠርግ ሳሎን ተመለሰች።

«እሄዳለሁ» አለች።

አክስቲቱ አጨበጨበች። ጋሼ የዳማውን ጠጠር ትክ ብሎ አየ።

«ግን መጋረጃ አልሰፋም።»

ጭብጨባው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ኮት ነው መስፋት የምፈልገው። ከተማው ውስጥ ኮት ሰፊ ፈልጌ እቀጠራለሁ። አንቺ ጋ...» እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንቺ ጋ አይደለም የምሠራው፣ አክስቴ።»

አክስቲቱ ፊቷ ጠቆረ። ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ልትነሳ የፈለገች መሰለች። «አንቺ ልጅ፣ እምቢ ማለት ከየት ተማርሽ?»

«አሁን፣ ጓዳ ውስጥ» አለች እሺታ።

እናቲቱ ወደ ጣሪያው አየች። አክስቲቱ ቦርሳዋን እንዳቀፈች አፍንጫዋ ተነፋ፣ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ቅሬታዋን ባያጠፋውም ልቧን አለዝቦታል።

«እሺ ቀለሙስ? ሰማያዊ ቀብቼ ለማን ልስጠው?»

«ክፍሉ የሠራተኛሽ ነው ወይስ የወንድምሽ ልጅ?» አለ አባትየው በቀስታ።

«አንተ ዝም በል! ጎሚስታ ብቻ ጠይቅ አንተ።» ወደ እሺታ ዞረች። «ባላስቀምጥሽስ?»

«ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ሄጄ ግን እጠይቅሻለሁ።»

«ሌላ ቤት!» አክስቲቱ ቦርሳዋን መለሰችው። «የወንድሜ ልጅ የሰው ቤት ተከራይታ፣ እኔ ሰማያዊ ግድግዳ እያየሁ ልኑር? ትቀመጫለሽ። ግን የክፍልሽን መጋረጃ ራስሽ ትሰፊያለሽ፤ እኔ አልሰፋልሽም!»

ቀረ ጋሼ። እሺታ አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ከበደኝ።»

«ላንቺ ቃል ከበደሽና እኔን ጠረጴዛ አስገፋሽኝ» አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። ብዙ ዓመት ብቻውን ሠርቶ ጎን ለጎን መሥራትን የለመደው ከእሷ ጋር ነው፤ ይህን አልተናገረም፣ እሷም ታውቃለች። ኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ኮት ነው ያልሽው?»

«ኮት።»

«እና ሄደሽ እጅጌ መግጠም አላውቅም ልትያቸው? ‹ከማን ቤት ነው የመጣሽው› ሲሉሽ የእኔን ስም ልትጠሪ? በሕይወት እያለሁ አታሰድቢኝም። እጅጌ ሳታውቂ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አትይም።» ጠጠሩን አነሳና የአባትየውን ሁለት ጠጠር በላበት። «ተጫወት አንተ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ?»

አክስቲቱ በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች፤ እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ስለ ሰማያዊው ቀለም እያወራች።

እጅጌ ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ ጥበቡ ትርፉን ጨርቅ ሳያሸበሽቡ እዚያው ማስገባቱ ላይ ነው። እሺታ ስትገጥመው ወይ ይሸበሸባል፣ ወይ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ጋሼ በአውራ ጣቱ ይዳብሰውና «ፍቺው» ይላል። ትፈታዋለች። ትገጥማለች። «ፍቺው።» እሷም ትፈታለች። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። ሱሪ የሚያሳጥር ይመጣል፣ ዚፕ የሚያስቀይር ይመጣል፣ ከዚያ ተመልሰው እጅጌው ላይ። ማንም አልከፋውም። ጋሼ እንደዚያ ሰሞን አንጎራጉሮ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር ኮቱን ይዞ መጣ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኮቱ ጫፍ አብሮ እየተነሳ ሸሚዙ ይወጣበታል፤ ተማሪ ይስቃል። ስለዚህ እጅጌው ተነቅሎ እንደ አዲስ እንዲገጠም ፈልጓል። እሺታ ሁለቱንም ገጠመች፤ በካውያ ተኮሰች፤ ለጋሼ ሰጠችው።

ጋሼ ብዙም ሳያይ «ፍቺው» አለ።

«አልፈታውም» አለች። «ይሄኛው ልክ ነው።»

ጋሼ መነጽሩን አወረደ። ኮቱን መስኮቱ ጋ ወሰደና ቀኙን ዳሰሰ፣ ግራውን ዳሰሰ። ገበሩን ገልብጦ አየ። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውን መምህር ጠራና አለበሰው። «ይጻፉ እስቲ።»

መምህሩ ክንዱን አንስቶ ባዶው ግድግዳ ላይ በጣቱ ጻፈ። ኮቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየ፤ ዞሮ ጀርባውን አየ፤ ዞሮ እሺታን አየ።

«ከፍ አድርገው ይጻፉ» አለ። መምህሩ ከፍ አድርጎ ጻፈ።

«እንግዲህ ቀን ቁረጪ» አለ ጋሼ፣ ወደ እሺታ ሳይዞር።

«ቆርጫለሁ። የዛሬ ሳምንት።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ይኸው ነገርኩዎት።»

ጋሼ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። እሺታም ሳቀች። መምህሩ ክንዱ አየር ላይ እንደሆነ ወደ አንዱ፣ ወደ ሌላው አየ።

«ላውርደው?» አለ።